ክብደት ለመቀነስ ተቆጣጣሪ ሳይሆን ጠያቂ ፈልጊ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። የምኖረው አዘዞ፣ የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ክብደት ለመቀነስ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴም ተውኩት። ባለፈው ጂም የሦስት ወር ከፍዬ የሄድኩት 11 ቀን ነው። ከዚያ ባለቤቴን ‹አንተ ተቆጣጠረኝ› አልኩት። አሁን ሁለተኛ እንጀራ ሳነሳ ያየኛል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ እሱ ሲተኛ ማድ ቤት ገብቼ ዳቦ እበላለሁ። በጾም እንኳን አልቀንስም። ሞቲቬሽኑ ከየት ነው የሚመጣው? የሚቆጣጠረኝ ሰውስ ከየት ላግኝ? በቲክቶክ የሚሸጠውን ሻይ ልሞክረው? የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ መወጋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።»

ምላሽ፦ አራት ጊዜ የጀመረ ሰው ተነሳሽነት አልጎደለውም። ተነሳሽነት የሌለው አንዴም አይጀምርም። መጀመሪያ ይሄን ሸክም ከራስሽ ላይ አውርጂው። ተነሳሽነት በባሕርይው የጭድ እሳት ነው። ሠርግ ላይ የተነሳሽው ፎቶ ይለኩሰዋል። አልዘጋ ያለ ቀሚስ ይለኩሰዋል። ቦግ ይላል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሞቃል፣ ይከስማል። የአንቺም፣ የእኔም፣ የሁሉም እንደዚያው ነው። ክብደት ቀንሰው የቆዩ ሰዎች እሳቱ የማይጠፋባቸው ልዩ ፍጥረቶች አይደሉም። እሳቱ ሲጠፋም የሚቀጥል ነገር ቀድመው ያዘጋጁ ናቸው።

ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉንም ይስታል። «ሙዱ ሲመጣ እጀምራለሁ» ይላል። እኔ በሕክምና ሥራዬ የማየው የዚህን ግልባጭ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይደረጋል። የተደረገው ይቆጠራል። ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል። አንድ አዲስ ነገር ሳያስቡ የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንግሊዝ አገር ተጠንቷል። አማካዩ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቂ ነበር፣ ለሌላው ደግሞ እስከ 254 ቀን ተገምቷል። በመሃል አንድ ቀን መዝለል የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ የአንቺ 11 ቀን ሽንፈት አይባልም። ገና መንገዱ ሳይለመድ ያበቃ ሙከራ ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዓርብ ቀን ቢሮ ውስጥ ጥብስ ቢቀርብልሽ ላለመብላት ሞቲቬሽን ትፈልጊያለሽ? አትፈልጊም። ቀኑ የታወቀ ነው። ጠዋት ተነስተሽ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተወው» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትሟገቺም። ቤቱም ጎረቤቱም አብሮሽ ይጾማል። አንድ ዓርብ ብትስቺ ረቡዕ ትመለሻለሽ እንጂ «በቃ አበላሸሁት» ብለሽ ዓመቱን ሙሉ አትተይውም። የንስሐ አባትም አሉሽ። እሳቸው ማድ ቤት ገብተው ድስት አይከፍቱም። ጊዜ ጠብቀው ግን «እንዴት ነሽ» ይሉሻል፣ አንቺም እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ። ጾም ለነፍስ ነው፤ የኪሎ መቀነሻ አድርጌ ላሳንሰው አልፈልግም። ይልቅስ አንድን ከባድ ነገር ለዓመታት እንዴት እንደሚይዙት አስቀድመሽ ታውቂያለሽ ማለቴ ነው። ሙስሊም አንባቢዎቼም ረመዳንን ቢያስቡ ያንኑ ያገኙታል።

«ተጠያቂነት» የሚለው ቃል የስብሰባ ሽታ አለው። ሲሰሙት የሚቀጣ አለቃ ነው ትዝ የሚለው። እኛ ዘንድ ግን ለዚህ ነገር የሚስማማ የቆየ ቃል አለ፤ ጠያቂ። ሰው ሆስፒታል ሲተኛ «ጠያቂ አለው?» እንላለን። ጠያቂ ይመጣል፣ «እንዴት አደርሽ» ይላል፣ መልሱን ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ይሄዳል። ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ታማሚዋ እንኳን ፀጉሯን ታስተካክላለች። ተቆጣጣሪ ሌላ ነው። ተቆጣጣሪ ከጎንሽ ቆሞ እጅሽን ያያል። አንቺ የፈለግሽው የመጀመሪያውን ነበር፣ የቀጠርሽው ግን ሁለተኛውን ነው።

ባለቤትሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራውን የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ሥራው ግን ለማንም የማይሳካ ነው። በአንድ ማዕድ አብሮ የሚበላ ሰው ዘበኛ ሲሆን ማዕዱ ራሱ ይበላሻል። አንቺ በእሱ ፊት ትንሽ ትበያለሽ፣ እውነተኛው ምግብ ወደ ሌሊት ይሸሻል። ማድ ቤት ቆመሽ የምትበይው ዳቦ ግማሹ ርሃብ ነው፤ ማታ በእልህ ስላልበላሽ። ግማሹ ደግሞ «አሁን ማንም አያየኝም» የሚል ዕረፍት ነው። ሰው በውፍረቱ ሲሸማቀቅ ይበልጥ እንደሚበላና ከእንቅስቃሴም እንደሚሸሽ በተደጋጋሚ የተጠና ጉዳይ ነው። ዛሬ ማታ እንዲህ በዪው፦ «ሳህኔን ማየቱን ተወው። ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነው፤ በምራመድበት ሰዓት ልጆቹን ያዝልኝ።» ይሄ ለእሱም እፎይታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሌሊቱ መብላት በየሳምንቱ የሚደጋገም፣ ማቆም እስኪያቅትሽ የሚጎትትሽ ከሆነ፣ ወይም ከበላሽ በኋላ ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ከሆነ ጉዳዩ የቆራጥነት ማነስ አይደለም። ሕክምና ያለው ችግር ነው። ከክብደቱ በፊት እሱን ለሐኪም ንገሪ።

የሰው መኖር ምን ያህል እንደሚያግዝ በአንድ ትልቅ ጥናት ላሳይሽ። አሜሪካ ውስጥ የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተመርጠው ለሦስት ተከፈሉ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አንደኛው ቡድን ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ወሰደ። ሌላው ምንም መድኃኒት የሌለው ክኒን ተሰጠው። ሦስተኛው ክብደቱን በ7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ግብ ተሰጠው። የዚህ ቡድን አባል የሆነ እያንዳንዱ ሰው የሚከታተለው የራሱ ባለሙያ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 16 ጊዜ እየተገናኙ ይነጋገሩ ነበር። ክኒኑ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን በ31 በመቶ ቀነሰ። ምግብ፣ እርምጃና ጠያቂ አንድ ላይ ሆነው በ58 በመቶ ቀነሱት። ሥራውን ሁሉ የሠራው ጠያቂው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ያንን ምግብና ያንን እርምጃ ለወራት ያስቀጠለ ነገር ያስፈልግ ነበር፣ ሰው ተመደበለት።

ይሄ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችን ነበር። ታማሚው እስኪመጣ ከመጠበቅ ሰው ወዳለበት መሄድን የተማሩ ባለሙያዎች ነበሩ። እኔ ይሄን ታሪክ ስለምወደው ነው ያነሳሁት። አሁንም ታካሚዎቼን ሳይ የሚሻላቸው ብልሆቹ ወይም ጠንካሮቹ አይደሉም። ቀጠሮ የሚያከብሩት ናቸው። ባዶ እጃቸውን፣ ምንም ሳይቀንሱም ቢሆን የሚመጡት።

ታዲያ ጠያቂሽ ማን ይሁን? ከቤትሽ ውጭ የሆነ ሰው። ባልሽ፣ እናትሽ፣ እህትሽ ባይሆኑ ይሻላል። ከእነሱ ጋር ሌላ ብዙ ሒሳብ አለሽ። ክብደት ቀንሳ የጨረሰች ሰባኪም አትሁን። ቃሏን የምታከብር፣ ስታወራ የማታዋርድሽ፣ ሚስጥርሽን ቢሮ ላይ የማታወራ አንዲት ሴት በቂ ናት። የድሮ የክፍል ጓደኛ ሊሆን ይችላል፣ የማኅበር ባልንጀራ ሊሆን ይችላል። እሷም የራሷ ነገር ይኑራት። አንቺ ስለ እርምጃሽ ትመልሻለሽ፣ እሷ ስለ ደም ግፊት መድኃኒቷ ወይም ስለምትቆጥበው ገንዘብ ትመልሳለች። አንድ ሰው ብቻ የሚጠየቅበት ወዳጅነት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸክም ይሆናል። ሁለቱም የሚጠየቁበት ግን ይቆያል።

ቀንና ሰዓት ቁረጡ። «እንደዋወላለን» ማለት አንደዋወልም ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራት ሰዓት ላይ፣ አሥር ደቂቃ፣ በስልክ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ትጠይቅሽ። ስንት ቀን ተራመድሽ? የተስማማሽበትን የስኳርና የዘይት ልክ ስንት ቀን ጠበቅሽ? በሚመጣው ሳምንት ምን ሊያደናቅፍሽ ይችላል? ከሦስቱ የምወደው የመጨረሻውን ነው። ማክሰኞ ተስካር እንዳለ፣ ሐሙስ ኦዲት እንደሚመጣ እሑድ ላይ ታውቂያለሽ። ማክሰኞ ሲደርስ ምን እንደምታደርጊ እሑድ ከተናገርሽ ግማሹን ሠርተሻል። ኪሎ ግን አትጠይቅሽ። ኪሎ በእጅሽ ያለ ነገር አይደለም። እርምጃው በእጅሽ ነው።

እዚህ ጋ ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ አለ። ይህ ዝግጅት የሚፈርሰው በአንድ ቀን ነው። ሳምንቱ ተበላሽቶብሽ አፍረሽ ስልክ የማትደውይበት እሑድ። «ምን እላታለሁ፣ የሚቀጥለው ሳምንት አስተካክዬ እደውላለሁ» ትያለሽ። የሚቀጥለው ሳምንት አይስተካከልም፤ ጠያቂ የለውማ። ከመጀመሪያው ቀን ይሄን ተስማሙ፦ አንቺ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ካልደወልሽ እሷ ትደውላለች። መልስሽም «ዜሮ ቀን» ሊሆን ይችላል። ዜሮም መልስ ነው። እሷ «ይሁን፣ ነገ በስንት ሰዓት?» ትበል እንጂ ምክንያት አትመርምር።

ቢሮ ውስጥ አራት አምስት ሆናችሁ በእቁብ መልክ ማድረግም ይቻላል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀን አለው፤ ሰው በሕጉ ያደገበት ነገር ነው። ነገር ግን ገንዘቡን በኪሎ ላይ አታስይዙት። በገንዘብ ውርርድ ክብደት ለማስቀነስ የተሞከረበት የ16 ሳምንት ጥናት አለ። ገንዘቡ እስካለ ድረስ ሰዎቹ በደንብ ቀነሱ። ጥናቱ ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያለ ገንዘብ ከሞከሩት ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠበበ። ከዚያ የከፋውም አለ፤ ለመመዘኛው ቀን ሲሉ ሁለት ቀን ሳይበሉ ውሃም ሳይጠጡ የሚመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ቅጣት ካስፈለገ ላልተራመደችበት ቀን ይሁን፣ አነስተኛም ይሁን።

አሁን ለጠያቂሽ ምን እንደምትመልሺ እንነጋገር። ሦስት ነገር ብቻ ያዢ።

የመጀመሪያው ስኳር ነው። በቀን አራት ሲኒ ሻይና ቡና በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ የምትጠጪ ከሆነ 48 ግራም ያህል ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ብንል ይመክራል። ወደ አንድ ማንኪያ ስትወርጂ በቀን 130 ካሎሪ ገደማ ትተዪያለሽ፣ ከማዕድ ምንም ሳይጎድል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አፍሽ ይቃወማል፣ ከዚያ ይለምዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም የሚሆን ስኳር አለው። እሱን ለበዓል አቆይው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ስለ ዘይት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ የተደበቀው ውፍረት እዚያ ነው። እንጀራ ይታማል፣ ዘይቱ ዝም ይባላል። አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ከ41,000 ካሎሪ በላይ ነው። ለአራት ሰው በወር የሚያልቅ ከሆነ ለእያንዳንዳችሁ በቀን ወደ 340 ካሎሪ ይደርሳል። ወጡ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚታይ ሰው «ትንሽ ነው» ይላል። ያልታየው ሽንኩርቱ የጠጣው ነው። ስለዚህ ማርከር ያዢና ጄሪካኑን ስትከፍቺ ቀኑን ጎኑ ላይ ጻፊበት። 30 ቀን ይቆይ የነበረው 40 ቀን እንዲቆይ አድርጊ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ ጠብ እያደረግሽ አብስዪው፣ ዘይቱን በኋላ ጨምሪ፤ በጭልፋ ለክተሽ እንጂ ከጄሪካኑ አታንቆርቁሪ። ማንም ሰው ሳህንሽን ማየት አያስፈልገውም፣ ጄሪካኑ ላይ ያለው ቀን ይመሰክራል። እንጀራውን ደግሞ ጠላት አታድርጊው። አንዱን በጎመንና በምስር ሞልተሽ በልተሽ ሁለተኛውን ለማንሳት አሥር ደቂቃ ጠብቂ።

ሦስተኛው እርምጃ ነው። ጂም የማይመችሽ ከሆነ ጂም ግዴታ አይደለም። ጎንደር ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ። ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደው መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጠን ብለሽ 25 ደቂቃ ቢወስድብሽ ነው። በሳምንት ስድስት ጊዜ 25 ደቂቃ 150 ደቂቃ ሆነ። ለመመለስ ታክሲ ያዢ፣ አንድ ወር ሲሞላሽ በእግርሽ ውጪው። ወደ አዘዞ ስትመለሺም ትንሽ ቀደም ብለሽ መውረድ ትችያለሽ። ሲመሽ መውጣት የማያስተማምን ከሆነ በምሳ ሰዓት አድርጊው፣ በጊዜ ግቢ። ግን እርምጃ ብቻውን ኪሎ ይቀንሳል ብለሽ አትጠብቂ። የ25 ደቂቃ መንገድ የሚያቃጥለው በአንድ ለስላሳ ውስጥ ያለውን ያህል ነው። እርምጃ ልብሽን፣ እንቅልፍሽንና ስሜትሽን ያስተካክላል፤ የቀነስሽውን ኪሎ ለማቆየት ደግሞ ወሳኝ ነው።

በጾም ለምን አልቀነስኩም ላልሽው፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥጋና ቅቤ ይወጣል፣ በምትኩ ዘይት፣ ዳቦ፣ ፓስታና ሳምቡሳ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሆድ ደግሞ ሲፈታ በአንዴ ብዙ ይጠይቃል። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ብዙ አያለሁ። ስትፈቺ በሽሮ፣ በምስር፣ በአትክልት ጀምሪ፣ ዳቦውን ከመጨረሻ አድርጊው። ስኳር በሽታ ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን መጾምም ሆነ ምግብ መቀነስ ያለበት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

የእኛ አገር ሰው ፍቅሩን በምግብ ነው የሚገልጸው፣ ይሄ ደግሞ በየትኛውም የውጭ ምክር ውስጥ የለም። ባለፈው ሰንበት አክስቴ ቤት ነበርኩ። ሳህኔ ባዶ መሆን ሲጀምር ሦስት እጅ በአንዴ መጣ። «በሞቴ!» አንዷ፣ «አፈር ስሆን!» ሌላዋ። ሰውን በሞቱ እያስማለ የሚቀርብ ምግብን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ዳይት ላይ ነኝ አትበዪ፤ ወዲያው ክርክር ይከፈታል፣ «ታመሻል እንዴ?» ይመጣል። እኛ ዘንድ መክሳት በደግ አይታይምና። ቀስ ብለሽ ብዪ። ሳህንሽ ላይ እንጀራ አስቀሪ፤ ባዶ ሳህን ግብዣ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ሁለቱን በደስታ ተቀበዪ፣ ከዚያ አንቺ አጉርሺ። የቡና ቁርሱን ቆሎ ካለ ከዳቦው አስቀድሚ፣ አንድ እፍኝ።

ስለ መለካት። ቁመትሽና ክብደትሽ ሲሰላ 32 ይመጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ 30 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። የመጀመሪያ ግብሽ ግን 60 ኪሎ አይሁን። አምስት በመቶ ብቻ፣ ማለትም አራት ኪሎ ገደማ፣ በ12 ሳምንት። ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መቀነስ ብቻ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል። ይሄ በሳምንት 350 ግራም ገደማ ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ብትቀንሺም መልካም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ከወረደ አብዛኛው ውሃ ነውና በሦስተኛው ሲቆም አትደንግጪ፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ነው። የወር አበባ ሲቃረብም ኪሎ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ምሳ በልተሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ፣ አንድ ቀን እዚህ አንድ ቀን እዚያ አትመዘኚ። በአንድ ሚዛን፣ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰሽ ሳትበዪ። ወገብሽንም በሜትር ለኪ። ሚዛኑ ዝም ሲል ሜትሩ ሊናገር ይችላል።

መርፌውን ችላ አትበዪው። የሦስት ወሩ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክብደቷ ከአምስት በመቶ በላይ የጨመረች ሴት ወደፊትም የመጨመር ዕድሏ ሰፊ ነው። መርፌውን ስትጀምሪ ስንት ኪሎ እንደነበርሽ ካርድሽ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ተመልከቺው። ነገር ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ሳይታሰብ የሚመጣ እርግዝና ሌላ ጉዳይ ነው። ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ጨምሮ ሌላ አማራጭ እንዳለ የሚሰጥሽን ባለሙያ ጠይቂ። እግረ መንገድሽን የደም ግፊትና ጠዋት ምንም ሳይበላ የሚለካውን የደም ስኳር ተለኪ። አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ብርድ የማትችዪና ሁልጊዜ ድካም የሚሰማሽ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ጠይቂ። ውሃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከተመላለሰ፣ ወይም ሳትሞክሪ ከከሳሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሻዩን አትግዢው። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ሰና የተባለውን የሚያስቀምጥ ቅጠል የያዙ ናቸው። የሚወጣው ውሃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም፤ ሲደጋገም ፖታሲየም ይወርድና ልብን ያውካል። «የተፈጥሮ ነው» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ሲቡትራሚን የተደባለቀባቸውም በተለያዩ አገሮች ተገኝተዋል። እሱ በልብና በአንጎል ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። ፌስታል ለብሶ ላብ ማፍሰስም ያው ነው፤ ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል። ስለ አዲሶቹ የክብደት መርፌዎች የሚወራው እውነትነት አለው፣ ይቀንሳሉ። ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚወሰዱ ናቸው፣ ሲቆሙም አብዛኛው ክብደት ይመለሳል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከማይታወቅ ሰው የሚገዙ አይደሉም።

ጠያቂም የማይፈታው ነገር አለ። ክብደት ስትቀንሺ ሰውነትሽ ይቃወማል፤ ርሃብ ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውም ይቀንሳል። ስለዚህ 12 ሳምንቱ ሲያልቅ ስልኩ አያቁም። በሳምንት የነበረው በ15 ቀን ይሁን፣ ግን ይቀጥል። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጅ ይታመማል፣ ዘመድ ይሞታል፣ ሥራ ይበዛል። በእነዚያ ሳምንታት ግብሽ መቀነስ አይሁን፣ ባለሽበት መቆየት ይሁን። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ይሄን ሁሉ ተዪውና መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

እህቴ፣ በዚህ ሳምንት የምታደርጊው ይሄ ነው። ዛሬ ማታ ባለቤትሽን ከዘበኝነት አሰናብቺው። ነገ ጄሪካኑ ላይ ቀን ጻፊ። በምትችይው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትና ስኳር ተለኪ፣ ስለ መርፌው ጠይቂ። ከእሑድ በፊት ለመረጥሻት ጓደኛ ደውዪና እንዲህ በያት፦ «ለ12 ሳምንት እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቂኝ እፈልጋለሁ። እንድትመክሪኝ አይደለም፣ እንድትጠይቂኝ ነው። አንቺስ ምን ልጠይቅሽ?» ሥራ በዝቶብኛል ካለችሽ አትከፊ። ሁለተኛዋን አስቢና ደውዪላት።